እትዬ ሃሎ እና የተከለከለችው ቃል

በዓለም ላይ የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ የተመረቁ ሐኪሞች፣ ተምረው ከተመረቁት በቁጥር ይበልጣሉ። በየቤተሰቡ ቢያንስ አንዷ አትጠፋም። ነጭ ጋዋን አትለብስም፤ መታወቂያዋ «እኔ የማውቃት አንዲት ሴትዮ» የምትል አነጋገር ናት። ራሴን አመመኝ ብትሏት፣ እሷ የምታውቃት አንዲት ሴትዮ ልክ እንዲሁ ጀምሯት ነበር። ጉልበቴን ብትሏት፣ ያቺው ሴትዮ ጉልበቷንም ታማለች። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ በሕይወት መኖሯ ራሱ የሚገርም ነው።

ከእነዚህ ሐኪሞች መካከል ክብርት እትዬ ሃሎን የሚስተካከል አልተገኘም። ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ሆና ስትሠራ፣ በቀን ስንት መቶ ጊዜ «ሃሎ፣ ይሰማሻል?» እንዳለች ፈጣሪ ይወቀው። ጡረታው ከወንበሯ አስነሳት እንጂ ከቃሏ አላላቀቃትም። ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ሰው ሁሉ በተበላሸ መስመር የሚያናግራት ይመስል፣ በየንግግሯ መጨረሻ ትጠይቃለች። «ሽንኩርቱ እንዳያርርብሽ፣ ይሰማሻል?» «ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ልብሱን አስገቢ፣ ይሰማሻል?»

ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ የተጠየቀችው አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ ናት። ታናሽየዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ የቤታቸው የፊተኛው ክፍል የስፌት ክፍሏ ነው። መፍትሔውን ያገኘችው ገና በአሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ቀና ሳትል፣ ሥራዋን ሳታቆም፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ «ይሰማኛል» ትላለች፤ አለቀ። ሳታስበው የሚወጣ ቃል ነው። በዚህ አንድ ቃል ስንት ጠብ እንደቀረ ግድግዳዎቹ ናቸው የሚያውቁት።

ልብስ ሰፊዋ የጡት ካንሰር አግኝቷት ግራ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ሊነሳ ሆነ። በዚያው ቀን ሐኪሟ ከሆዷ ቆዳና ሥጋ ወስዳ አዲስ ጡት ልትሠራላት፣ አብሮ የሚመጣውንም ነርቭ ስሜት እንዲመለስ ከደረቷ ነርቭ ጋር ልትገጥመው ነበር ዕቅዱ። ሐኪሟ ይህን ስታስረዳ፣ ልብስ ሰፊዋ የጠየቀችው ታማሚ የሚጠይቀውን አልነበረም።

«በምን ክር ነው የምትሰፊው?»

«ከፀጉር በቀጠነ ክር። በማጉያ እያየሁ ነው የምሠራው።»

«የሚታጠፍ ጠርዝ ትተይለታለሽ?»

ሐኪሟ ሳቀች። «አይ፣ ጫፍ ለጫፍ ነው። ዋናው እንዳይወጠር ነው።»

«ባለሙያ ናት» አለች ልብስ ሰፊዋ ወደ እህቷ ዞራ። እትዬ ሃሎ ግን በቀላሉ የምትረታ ሰው አይደለችም። «ነርቭ ማለት የስልክ ሽቦ ነው» ስትል ለሐኪሟ ማብራሪያ ሰጠች፤ «የተቀጠለ ሽቦ መጀመሪያ ይንኮሻኮሻል፣ ከዚያ ነው ድምፅ የሚያመጣው። ስለ ሽቦ እኔን ጠይቂኝ፣ ይሰማሻል?» ሐኪሟም በትሕትና፣ ነገሩ ከእውነት ብዙም እንደማይርቅ አመነች። ነርቭ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ወራት ይፈጃል፣ ከዓመትም ሊያልፍ ይችላል፣ ላይደርስም ይችላል። «ተስፋ አለ» አለች፤ «ቃል ግን አልገባልሽም።»

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ካንሰሩ ሄደ፣ ቁስሉ ዳነ፣ ልብስ ሰፊዋ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። መርፌ የምትሰካው እንደ ድሮዋ በግራ ደረቷ በኩል ቀሚሷ ላይ ነው። በአምስተኛው ወር አንድ ቀን፣ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ስትሰፋ ቆይታ፣ እትዬ ሃሎ «ቀሚስሽ ላይ ያቺ ቀይ ነጥብ ምንድን ናት?» አለቻት። መርፌዋ ጨርቁን አልፋ ሥጋዋ ውስጥ ቆማለች። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበረች።

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ሳቀች። «የመርፌ ትራስ ሠርተውልኛል» አለች። ከዚያ እንባዋ መጣ። «የኔ አይደለም እኮ፣ እታለም። ሲያዩት ያምራል፣ ግን የኔ አይደለም። የሰው ልብስ ተውሼ የለበስኩ ነው የሚመስለኝ።»

እትዬ ሃሎ አፏን ከፈተች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታውቃት ሴትዮ ጠፋቻት።

በሰባተኛው ወር ምርመራ ሆነ። ልብስ ሰፊዋ አልጋው ላይ ተጋደመች፤ ዐይኗ በፎጣ ተሸፈነ። ሐኪሟ ከወፍራም እስከ ቀጭን የተደረደሩ የፕላስቲክ ክሮች ይዛ፣ በክሩ ጫፍ እየነካች ትጠይቃለች። በዕድሜ እኩያ ስለሆኑ አንቺ ይባባላሉ።

«ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል።»

«እዚህስ፣ ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል።»

ሐኪሟ ወረቀቷ ላይ ምልክት በምልክት አደረገችው። እትዬ ሃሎ በየምልክቱ ከወንበሯ ብድግ እያለች ምስጋና ታደርሳለች። የመጨረሻው ክር ግን ከምታርፍ ዝንብ እንኳ የቀለለ ነው፤ እሱም «ይሰማኛል» ሲባል ሐኪሟ ጠረጠረች። ክሩን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አሁንስ ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል።»

«እጄ ኪሴ ውስጥ ነው» አለች ሐኪሟ።

ልብስ ሰፊዋ ፎጣውን ከዐይኗ አነሳች፤ ከሐኪሟ የበለጠ የደነገጠችው እሷ ናት። ልትዋሽ አስባ አልነበረም። አርባ ዓመት የለመደ ምላስ ነው የመለሰው። ይህን ለማስረዳት ስትንተባተብ ነገሩ ከሁሉም ቀድሞ የገባት እትዬ ሃሎ ነበረች።

«ቆይ፣ ቆይ። እና እኔ ስጠይቅሽ ‹ይሰማኛል› የምትይኝ ሳትሰሚኝ ነው?»

«እታለም፣ አሁን እሱ ነው ጉዳዩ?»

«አርባ ዓመት ሙሉ?»

«ሁልጊዜ አይደለም» አለች ታናሽየዋ፣ ወደ ግድግዳው እያየች። ሐኪሟ ሳቋን ለመደበቅ እጇን ለመታጠብ ሄደች።

ምርመራው ያለ ጥያቄ እንደገና ተደረገ፤ ሲነኳት ራሷ እንድትናገር። ልብስ ሰፊዋ ምንም የምትናገረው አላገኘችም፣ ወረቀቱም ባዶ ቀረ። ሐኪሟ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። ነርቩ መንገድ ላይ ነው፤ አእምሮም እንግዳውን እንዲያውቀው መለማመድ ያስፈልገዋል አለች። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በልዩ ልዩ ጨርቅ፣ መጀመሪያ እያዩ፣ ከዚያ ዐይን ተጨፍኖ ጡቱ ይዳሰስ።

«ጨርቅስ ሞልቶኛል» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«የሚነካሽ ሰውም አለሽ» አለች ሐኪሟና ወደ እትዬ ሃሎ ዞረች። «እርስዎ ግን እማማ፣ ያቺን ቃል ልምምዱ ላይ እንዳይናገሯት። እንዲያውም ምንም ባይናገሩ ይሻላል።»

ምንም! ለእትዬ ሃሎ ዝምታ ማለት የመስመር ብልሽት ነው፤ በሥራ ዘመኗ ዝም ያለ መስመር ሲያጋጥማት ሠራተኛ ትልክበት ነበር። ግን ዐይኔን ግንባር ያድርገው ብላ ማለች። በየቀኑ ከእህቷ የቁርጥራጭ ቅርጫት ጨርቅ ታነሳለች፤ ከፈይ፣ ካኪ፣ ሱፍ፣ ሐር። ከንፈሯን ነክሳ ትዳስሳለች፤ ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ ሲመጣ እየዋጠችው በሳል ታስመስለዋለች። ልምምዱ ሲያልቅ ወደ ጓሮ ወጥታ የታመቀውን ሁሉ ለጎረቤት ታራግፋለች። ግድግዳው ላይ የስፌት ሜትር ሰቅላ በየቀኑ አንዲት ሚሊ ሜትር ወደፊት ስፒል ታራምዳለች። «ዛሬ እዚህ ደርሷል» ትላለች፣ ከሩቅ አገር የሚመጣ እንግዳ እንደምትጠብቅ። ስፒሏ ስትዘገይባት ለሐኪሟ ስልክ ትደውላለች፤ የሆስፒታሉን ነርሶች በጥያቄ ታስጨንቃለች፤ «እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል» ብላ እህቷን ታጽናናለች።

ልብስ ሰፊዋ አንድ ጊዜ አጭበርብራለች። ካኪው ሲንኮሻኮሽ በጆሮዋ ሰምታ «ካኪ!» አለች። የእህቷ ፊት እንዴት እንደበራ በዐይኗ ማሰሪያ ሥር አጮልቃ ስላየች አፍራ፣ ወዲያው እውነቱን ተናዘዘች። እትዬ ሃሎ ለሁለት ቀን አኮረፈቻት፤ በሦስተኛው ቀን ቅርጫቱን ይዛ መጣች።

በአሥራ አንደኛው ወር ላይ ልብስ ሰፊዋ ደረቷ ውስጥ ጉንዳን የሚሄድ የመሰለ ነገር ይሰማት ጀመር። ለማንም አልተናገረችም። በሐሰት ምስክርነት ሁለት ጊዜ የተያዘ ሰው ሦስተኛውን ይፈራል፤ ደግሞም ራሷን በከንቱ ተስፋ ማታለል አልፈለገችም።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ጠዋት፣ እንደተለመደው ዐይኗን በገበር ቁራጭ አስረው ተቀመጡ። ቅርጫቱ ተነካካ፣ ከዚያ ዝም አለ። ልብስ ሰፊዋ ጠበቀች። ከጡቷ ወደ ብብቷ ጠጋ ባለው ጠርዝ ላይ አንድ ነገር አረፈ። ደብዛዛ ነበር፤ ግን ነበር።

«ጨርቅ አይደለም» አለች።

ያረፈው ነገር አልተነሳም።

«ጣት ነው። ሁለት ጣት።» ትንፋሿን ያዘች። «እታለም፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል።»

«ብርድ ነው» አለች እትዬ ሃሎ። የጠዋቷ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ክፍሉን አሙቃዋለች።

ልብስ ሰፊዋ ማሰሪያውን ፈታችው። እህቷ ፊቷን ወደ መኪናው አዙራ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ አገጯ እየተርገፈገፈ ነው። ነርሶችን ያስጨነቀችው፣ ሐኪም ያስተማረችው ይህች ሴትዮ ለእህቷ ፈርታ ነበር። እነዚያን ወራት ሁሉ የእህቷ ዐይን በታሰረ ቁጥር እጇ ሲንቀጠቀጥ ኖሯል፤ ታናሽየዋ ያላወቀችው ግን የሚነግራት ቆዳ ስላልነበራት ነው። አርባ ዓመት ይህን ሰው ሳትሰማው መኖሯ ቆጫት፤ ምን ያህል እንደምትወዳትም ለራሷ እንኳ ተናግራው አታውቅም ነበር።

እትዬ ሃሎ እንባዋን ልትጠርግ እጇን ሳበች።

«መልሺው» አለች ታናሽየዋ፣ የእህቷን እጅ ይዛ ወደ ደረቷ እየመለሰች። «ገና አልጠገብኩትም።»