የአጥንት ወፍጮ ይቅደም

ትናንት ተካልኝ ሕልም አየ። ሕልም የሌሊት ነገር ነው፤ የተካልኝ ግን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ጣሪያ ላይ እያለች መጣበት። የት ሆኖ እንዳየው ለጊዜው አትጠይቁኝ። ራሱ ሲያወራልኝ እንኳ እዚያ ላይ ሲደርስ ፊቱን አዙሮ ነው።

ተካልኝ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከጅቡቲ ጭኖ ይመጣል፣ ያራግፋል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ልጁ ብሌን ደግሞ ድራም ትመታለች፤ ያውም ሄቪ ሜታል የሚባለውን፣ ጎረቤት የሚያስኮበልለውን ሙዚቃ። እሷና ጓደኞቿ ያቋቋሙት ባንድ «ዝገት» ይባላል። ብሌን በተጫወተች ቁጥር አባቷ ወይ ሚሌ ነው ወይ ጋላፊ፤ መድረክ ላይ አንድም ቀን አይቷት አያውቅም። ለዚህኛው ኮንሰርት ግን «ካልሞትኩ አልቀርም» ብሎ ቃል ገባላት። አራት ባንዶች ናቸው የሚጫወቱት፤ የእሷ የመጨረሻው ነው። «አባዬ፣ አሁንም ብትቀር ሁለተኛ አልጠራህም» ብላዋለች፤ ስትለውም አልሳቀችም። ሕልሙም የወሰደው ወደዚያው ኮንሰርት ነበር፤ ነገሩ ሁሉ ግን ተገልብጦ።

በሩ ላይ ሲደርስ ጠባቂዎቹ እጃቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ተሰልፈዋል። የሚፈትሻቸው ታዳሚው ነው።

«ጋሼ፣ እኔን ይፈትሹኝ» አለው አንዱ ጠባቂ። «ከጠዋት ጀምሮ የነካኝ ሰው የለም።»

«እኔ ለመግባት ነው የመጣሁት።»

«ሳይፈትሹኝ እንዴት ይገባሉ? ሰው ምን ይለኛል?»

ተካልኝ ሳይወድ በግዱ የሰውየውን ኪስ ዳበሰ። ከደረት ኪሱ አንዲት የፍየል ግልገል ብቅ አለችና «ትኬት አለህ?» አለችው። አሳያት። ግልገሏ ትኬቱን አላምጣ ዋጠችና «ጥሩ ነው፤ እለፍ» አለች።

አዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹ ናቸው ሰው ላይ የሚቀመጡት። አንድ የፕላስቲክ ወንበር ወደ ተካልኝ መጣና «የተያዙ ነዎት?» ብሎ ጠየቀው፤ መልስም ሳይጠብቅ ጭኑ ላይ ተደላደለ። ፊት ለፊት የሰፈሩ እድር እናቶች ነጠላቸው ላይ ጥቁር የቆዳ ጃኬት ደርበው፣ ሄቪ ሜታል ወዳጆች ሙዚቃው ሲገባቸው እንደሚያደርጉት፣ ራሳቸውን ወደ ላይ ወደ ታች እየነቀነቁ ነበር። ሙዚቃው ግን ገና አልተጀመረም። ኮሽ የሚል ነገር የለም።

«እማማ፣ ምን ሰምተው ነው እንዲህ የሚነቀንቁት?» አለ ተካልኝ፣ ለአንዷ።

«ምንም!» አሉት። «ግሩም አይደል?»

ወደ መድረኩ ቢመለከት አራቱም ባንዶች ከደረጃው ሥር ቆመዋል፤ የአጥንት ወፍጮ፣ የእሳት መጋዝ፣ ጥቁር መብረቅ፣ ከሁሉም ኋላ ዝገት። ሰንሰለት ታጥቀዋል፤ ፊታቸውን ከሰል ቀብተዋል፤ ሲያዩዋቸው ሰው የሚበሉ ይመስላሉ። ደረጃውን የሚረግጥ ግን ከመሃላቸው ጠፋ።

«እናንተ ቅደሙ» አለ የአጥንት ወፍጮው ዘፋኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

«ኧረ በፍጹም! እናንተ እያላችሁ?» አሉ የእሳት መጋዞች።

«አፈር ስሆን!»

«እኛ አፈር እንሁን! ይልቅ ጥቁር መብረቆች ይቅደሙ፤ እነሱ ከሩቅ ነው የመጡት።»

«እኛማ ቤተኞች ነን» አሉ ጥቁር መብረቆች፣ መሬት መሬት እያዩ። «ቤተኛ ሆኖ መቅደም ነውር ነው። የአጥንት ወፍጮ ይቅደም።»

«በሞቴ! እኔ ቆሜ ልሙት እንጂ አልቀድምም!»

ብሌን የድራም ዱላዎቿን ብብቷ ሥር ሸጉጣ አንገቷን ደፍታ ትጠብቃለች። ተካልኝ እርር ድብን አለ። እሱ በጅቡቲ መንገድ ላይ ለግመል ካልሆነ በቀር ለማንም ቅድሚያ ሰጥቶ አያውቅም።

«ኧረ አንዳችሁ ውጡና ገላግሉን!» ብሎ ጮኸ። ከአፉ የወጣው ግን የትንኝ ድምፅ ነበር። አብልጦ ጮኸ፤ ጭራሹን ጠፋ። በዚያ አገር የጮኸ ሰው አይሰማም።

ወንበሩን እንደታቀፈ አዘጋጁን ፍለጋ ወጣ። የአዘጋጁ ቢሮ በር ላይ ነበር፤ ማለትም በሩ ላይ ጠረጴዛው ተለጥፏል፣ ሰውየውም ከነክራቫቱ በጎን ተቀምጧል።

«መልስ ይዘዋል?» አለው አዘጋጁ።

«የለም፣ ጥያቄ ነው ያለኝ።»

«ጥያቄ የምንሰጠው እኛ ነን። ባለጉዳይ መልስ ይዞ ነው የሚመጣው።»

«እሺ፣ መልሱ “አሁኑኑ” ነው» አለ ተካልኝ፣ ጥርሱን ነክሶ።

አዘጋጁ ደስ አለው። «ይኸው፣ የእርስዎ ጥያቄ ደግሞ “ልጅዎ መቼ ነው የምትጫወተው?” የሚል ነው። ይህን ይዘው ወደ አዳራሹ ይሂዱና ይጠይቁ።»

ተካልኝ ሰውየውን በጥፊ ሊለው እጁን ሰነዘረ፤ እጁ ግን ሄዶ ሰላምታ ሰጠ። ተጨባበጡ፣ ትከሻ ለትከሻም ተገጫጩ። ሲዞር ተመልሶ አዳራሹ ውስጥ ነው።

በዚህ መሃል ሽማግሌዎች ተጠርተው ኖሯል። ሽማግሌዎቹ ሦስት ትልልቅ ሞንታርቦዎች ናቸው፤ ጋቢ ለብሰዋል፣ ምርኩዝ ይዘዋል፣ ገመዳቸው ከኋላቸው ይጎተታል። እነሱም ማን ቀድሞ ይቀመጥ በሚለው ሲግደረደሩ ብዙ ቆዩ።

«በሉ፣ ጠቡ ምንድን ነው?» አለ ታላቁ ሞንታርቦ።

«ጠብ እንኳ የለንም አባታችን» አለ የአጥንት ወፍጮው ዘፋኝ። «አንጫወትም አላልንም፤ አንቀድምም ነው ያልነው።»

«ደግ አደረጋችሁ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። እስቲ ከአያት ከቅድመ አያታችሁ እንነሣ።»

የዘር ቆጠራው ተጀመረ። ሲቆጥሩ ሲቆጥሩ አራቱም ባንዶች ዘመዳሞች ሆነው ተገኙ። ያ ሁሉ ሰንሰለት እየተንቀጫቀጨ ተቃቀፈ። ከሰሉ በእንባ ወረደ።

«እንዴት ናችሁ? ቤተሰብ ደህና ነው? ጊታሩስ እንዴት ከረመ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ድራሙን ብቻ ትንሽ አሞት ነበር።»

«እኔን! ሳንሰማ?»

ተካልኝ የሽማግሌውን ጋቢ ጎተተ። «አባቴ፣ ልጄ ልትጫወት ነው። አንድ ነገር ይበሉልኝ፤ እለምንዎታለሁ!»

«አይዞህ» አለው ሞንታርቦው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

ይህን እንዳለ አንድ እንቁላል ከመጋረጃው ጀርባ ወጣ። ሁለት ቀጫጭን እግሮች አሉት። ማንንም «ቅደም» ሳይል፣ በማንም ሳይለመን፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጥቶ መድረኩ መሃል ቆመና እጅ ነሳ። በዚያ ሁሉ ሰዓት መድረክ የረገጠው እሱ ብቻ ነበር። የእድር እናቶቹ አበዱ፤ ነጠላቸው እስኪወድቅ ነቀነቁ። «ይደገም! ይደገም!» አሉ በዝምታ። እንቁላሉ ግን «ለሌሎችም ዕድል እንስጥ» ብሎ በመጣበት ወረደ።

እንቁላል እንኳ ወጥቶ ወረደ። ተካልኝ ከዚህ በኋላ መቆሙን ተወው። ቁጭ አለ፤ ወንበሩም ጭኑ ላይ ቁጭ አለ። ዓይኑን አሸዋ የሞላው ያህል ቆረቆረው። ሰው አይሰማኝም ብሎ፣ ለራሱ ብቻ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ «ምነው ቶሎ ጨርሰውት ሄጄ በተኛሁ» አለ።

«ምነው ቶሎ ጨርሰውት ሄጄ በተኛሁ!» አሉ ሦስቱም ሞንታርቦዎች በአንድ አፍ። ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። ግድግዳው ላይ ያለው አቧራ ረገፈ። ሰው ሁሉ ወደ ተካልኝ ዞረ።

ብሌን ቀና አለች። «አባዬ፣ አንተ ነህ?»

«እንደሱ ማለቴ አይደለም ልጄ!» ብሎ ጮኸ። «አንቺን ለማየት ብዬ እኮ ነው፣ ዓይኔን ሳልከድን አዳሩን ስነዳ መጥቼ! እኔ አንቺን እንጂ ሌላ ምን አለኝ!»

አንዱም ቃል አልወጣም። ብሌን የምታየው አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ነው። ዱላዎቿን ቦርሳዋ ውስጥ መክተት ጀመረች። ቀስ ብላ ነው የከተተቻቸው፣ ሁለተኛ እንደማያወጣቸው ሰው።  በዚያ ሁሉ ንዴት መሃል ተካልኝን የተሰማው ፍርሃት ነበር፤ ልጁ ከእጁ የምትወጣበት ሰዓት ይኸው ነው ብሎ ፈራ።

ያኔ የዚያ አገር ነገር ገባው። ጩኸቱን ተወ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው «ብሌንዬ፣ አንቺ ቅደሚ» ብሎ አንሾካሾከ።

«ብሌንዬ፣ አንቺ ቅደሚ!» አስተጋቡ ሞንታርቦዎቹ።

አራቱም ባንዶች ደነገጡ። እርስ በርስ ተያዩና ቆባቸውን አወለቁ።

«አባት ካሉማ አበቃ!» አለ የአጥንት ወፍጮው ዘፋኝ። «እስከዛሬስ ምነው ዝም አሉን?»

ለሁለት ተከፍለው መንገድ ለቀቁላት። ብሌን ዱላዎቿን ከቦርሳዋ መልሳ አወጣችና ደረጃውን ወጣች። ድራሙ ጀርባ ተቀመጠች። ዓይኗን ዓይኑ ላይ ጣለች። ተካልኝ ወንበሩን ከላዩ ገፍትሮ ብድግ አለ፤ በዕድሜው እንደዚያ የጓጓበት ጊዜ የለም። እጆቿ ወደ ላይ ወጡ። ዱላዎቹ ወረዱ።

ጸጥ አለ። ተካልኝም ነቃ።

ሹፌር ነው፤ ተራው የረዳቱ ሲሆን ሞተሩ አናት ላይ ነው የሚተኛው። ሞተር ሲያጓራ እንቅልፉ ይጠናል፣ ሞተር ሲጠፋ ባንኖ ይነሣል። አሁንም ያባነነው ጸጥታው ነበር። የተቀመጠው አዳራሹ ውስጥ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ሞንታርቦው ፊት ለፊት ነው። ጆሮው ውስጥ ይጮኻል። መድረኩ ላይ ሰዎች ገመድ ይጠቀልላሉ፤ ወንበር የሚደራርቡም አሉ። አራቱም ባንዶች ተጫውተው ጨርሰዋል።

«አባዬ!»

ብሌን ከመድረኩ ዘላ ወርዳ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ላብ በላብ ሆናለች፤ ኩሏ ጉንጯ ላይ ወርዷል። እያለቀሰች ነው፤ ደስታ ነው የሚያስለቅሳት።

«አየሁህ እኮ! መድረክ ላይ ሆኜ አየሁህ! ዓይንህን ጨፍነህ፣ ራስህን እየነቀነቅክ! ከመጀመሪያው ባንድ እስከ እኛ ድረስ አንዴም አላቋረጥክም!»

የአጥንት ወፍጮው ዘፋኝ ሊሰናበታት መጥቶ ነበርና ተካልኝን ሲያይ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። «ጋሼ፣ ስንት ዓመት ስጫወት እንደርስዎ ሙዚቃው ውስጥ የጠፋ ሰው አላጋጠመኝም» አለ፤ የምሩን ነው።

ተካልኝ የአገጩን ለሃጭ በእጅጌው ጠረገ። እውነቱን ቢናገር የብሌን ፊት ምን እንደሚሆን አሰበና ተወው።

«እንዴት ነበርን?» አለችው።

«ልብ የሚያቆም!» አለ።

«ላንተ ብዬ የሠራሁትንስ ዘፈን ለየኸው?»

«የገዛ ልጄ የሠራችልኝን እንዴት አልለይም!»

«የቱ ነበር?» አለች ብሌን።