ሊቀ ደጋፊው ዝም ያሉ ቀን

በየስታዲየሙ የገዛ ቡድኑን ሲሰድብ የሚውል አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ተጋጣሚውን ቡድን ዞር ብሎ አያየውም፤ ለእሱ የሚሆን ጊዜ የለውም። ዳኛውን እንኳ የሚሰድበው በራሱ ተጫዋቾች ላይ ጮሆ የተረፈ ትንፋሽ ካለው ነው። ጠላት ይህን ሰው አይፈራውም። የሚፈሩት የሚወዳቸው ናቸው።

የዚህ ታሪክ ሰውዬ በሙያቸው አናጢ ናቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በርና መስኮት ይሠራሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ከሜዳው በስተግራ፣ አራተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጡና ማዕረጋቸውን ይለብሳሉ፤ ሊቀ ደጋፊ ይሆናሉ። ማዕረጉን የሰጣቸው የለም፣ የሚነጥቃቸውም የለም። በዚያ ወንበር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጠዋል። በሠላሳ አንዱም ዓመት፣ ሳምንት ሳያስታጉሉ ከክለቡ ተሰናብተዋል። «ሁለተኛ እዚህ ቦታ ብታዩኝ ሰው አትበሉኝ!» ብለው ይወጣሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩ ሳይከፈት ደርሰው ዘበኛውን ስለ መዘግየቱ ይቆጡታል።

የዚህ ሁሉ መከራ የወረደው ግን አማቻቸው ላይ ነው። አማችየው መነጽር ቤት አለው፤ ዓይን ይለካል፣ መስታወት ይቆርጣል፣ ራሱም ወፍራም መነጽር ያደርጋል። ረድፉ ስሙን ለመጠየቅ አልደከመም፤ በመጀመሪያው ቀን «መነጽር» አለው፣ በዚያው ቀረ። መነጽር ባደገበት ቤት ኳስ ማለት መስኮት የሚሰብር ነገር ነበር። ሊቀ ደጋፊው ይህን ያወቁት ከሠርጉ በኋላ ስለነበረ ጋብቻውን ማፍረስ አልቻሉም።

«ቅዳሜ ምን አለህ?» ሲሉ ጠየቁት።

«ምንም የለኝም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አለህ።»

እንዲህ ሆኖ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምኑም አልገባውም።

የሊቀ ደጋፊው ዋና ሥራ በግራ መስመር ተከላካዩ ላይ ነበር። ልጁ ቀጠን ያለ፣ ሲሮጥ የሚሰበር የሚመስል ስለሆነ «ቀጮ» ይሉታል። በመጀመሪያው አጋማሽ የሚጫወተው ልክ ከአራተኛው ረድፍ ሥር ነው። በሁለተኛው አጋማሽ ወደ ማዶ ሲሻገር የሊቀ ደጋፊው ድምፅም አብሮት ይሻገራል። «መጣልህ! ኋላህ! አንተ ዕውር፣ ዓይንህን ለማን አበድረህ ነው የመጣኸው?» ይላሉ። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ አፋቸው አያርፍም።

መነጽር ነገሩን አጥንቶ ገባኝ አለ። የአማቱን ልብ ማግኛው መንገድ ቀጮን መስደብ ነው፤ ከዚህ የሚቀል ምን አለ? በአራተኛው ሳምንት ቀጮ ኳስ ሲያስነጥቅ ብድግ ብሎ፣ አንዲት ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ «አንተ ዕውር!» አለ።

ከሊቀ ደጋፊው አጠገብ የሚቀመጠው የአውቶቡስ ሹፌር «ማንን ነው?» አለ ቀስ ብሎ። ሊቀ ደጋፊው ደግሞ ጠባቸው ከመቼ ወዲህ እንደተረሳ እንጃ፣ ዓይናቸው ቀልቶ ዞሩ።

«ልጁ ምን አደረገህ? ሰው አይሳሳትም? አንተስ ስንት መስታወት ሰብረሃል!»

መነጽር ተቀመጠ። መስደብ አይቻልም ማለት ነው፤ እንግዲያው ማመስገን ይሻላል። በሳምንቱ ቀጮ ሁለት ኳስ በጥሩ ሁኔታ ሲያስጥል «ዛሬስ አንበሳ ሆኗል፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳተም» አለ፣ አማቱ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ።

«ዓይን ውስጥ ልትከተው ነው?» ብለው ጭናቸውን መቱ። «እንትፍ በል! እንትፍ በል እንጂ!» ከሁለት ደቂቃ በኋላ ቀጮ አንሸራቶት ወደቀ። ረድፉ በሙሉ ኳሱን ትቶ መነጽርን አየ።

በሦስተኛው ጊዜ ወደ ሳይንስ ዞረ። ሰዓቱን አይቶ፣ ውጤቱን አይቶ፣ «አቻ የሚወጡ ይመስለኛል» አለ። «አታሟርት!» የሚለው ከሦስት ረድፍ በአንድ አፍ መጣ። ስድብ ለባለቤቱ ብቻ የተፈቀደ ነው፤ ሙገሳ ዓይን ነው፤ ግምት ሟርት ነው። ታዲያ ሰው ምን ይበል? ማታ ቤቱ ገብቶ ሚስቱን ጠየቃት።

«እጃቸው ላይ ያደግሁት እኔ እንኳ አልገባኝም» አለችው፤ «ዝም ብለህ ከጎናቸው ተቀመጥ።»

እሱም ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ ግራ መጋባቱ ግን ባሰበት። አንድ ቀን ሊቀ ደጋፊው የአንድ ደንበኛ ቤት በር ሲገጥሙ ባለቤቱ ለጨዋታ ያህል «ያ ግራ መስመራችሁ እኮ አይረባም» አላቸው። መዶሻቸውንና መላጊያቸውን ሰብስበው፣ በሩን በአንድ ማጠፊያ እንዳንጠለጠሉት ሄዱ። ሰውዬው ሌባ እየጠበቀ አንድ ሳምንት አደረ። «ያን ልጅ ለመስደብ መጀመሪያ ሠላሳ አንድ ዓመት ብርድ ላይ ይቀመጥ» አሉ። ቀጮ ራሱ ሃያ አምስት ዓመት አይሞላውም፤ መነጽር ግን ይህን ለማንሳት ጊዜው እንዳልሆነ ገብቶታል።

ከዚያ ሐኪም ጣልቃ ገባ። የሊቀ ደጋፊው የደም ግፊት መለኪያው ላይ ሲታይ ሐኪሙ ደግሞ ለካቸው፤ አላመነም፣ በሌላ መሣሪያ ሞከረ። «ለሁለት ወር ጩኸት የሚባል ነገር የለም» ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። ሴት ልጃቸው ክፍሉ ውስጥ ነበረች። ስታዲየም መቅረት ወይም አፍ መዝጋት፣ አንዱን ይምረጡ አለቻቸው፤ በራሷ ሕይወት አስማለቻቸው። «ልጄ ትሙት፣ አልጮህም» አሉ ልጃቸውን እያዩ። ባሏን ደግሞ ዘብ አደረገችው። «አንዲት ቃል ከፍ አድርገው ቢናገሩ የምጠይቅህ አንተን ነው» አለችው።

የዚያን ቅዳሜ አራተኛው ረድፍ ለቅሶ ቤት መሰለ። ሊቀ ደጋፊው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው መሃል ከተው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ተቀመጡ። ተመልካቹ ከላይኛው ረድፍ ሳይቀር እየተነሳ ያያቸው ነበር። ሜዳው ላይ ደግሞ ቀጮ የጠፋበት ሰው ሆነ። ኳስ ከኋላው ሲመጣ ወደ ፊት ይሮጣል፤ ከላይ ሲወርድ መሬት ያያል። በየመሃሉ ቆም እያለ አንገቱን ወደ ደጋፊው ያሰግጋል። ሦስት ጎል ገባ፣ ሦስቱም በእሱ በኩል።

«ጋሼ፣ ኧረ አንድ ነገር ይበሉት!» አለ ሹፌሩ እየለመነ። ሊቀ ደጋፊው በጣታቸው ወደ አማቻቸው አመለከቱ፣ እስረኛ ጠባቂውን እንደሚያሳይ።

እሑድ አሰልጣኙ በሬዲዮ ተናገረ፤ ለቀጮ አንድ የመጨረሻ ጨዋታ እሰጠዋለሁ፣ ካልተሻሻለ ሌላ ክለብ ይፈልግ አለ። «ይገባዋል!» አሉ ሊቀ ደጋፊው፤ የቀረበላቸውን ምሳ ግን ሳይነኩት ገፉት። መነጽር ሳህኑንም ሰውዬውንም እያየ ዋለ። የሚጠሉትን ልጅ ሊያባርሩላቸው ነው፤ ታዲያ ምን ሆኑ?

ሰኞ ከሰዓት፣ ሱቁ ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ቆቡን ዓይኑ ላይ የደፋ ወጣት ገባ። በሩን ከኋላው ዘጋ። ቆቡን ሲያወልቅ ቀጮ ነበር።

መነጽር ደንግጦ ወንበር ሰጠው። የፊደል ሰሌዳውን መብራት ሊያበራ ሲሄድ ልጁ ከላይ ጀምሮ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እስከ ታች ጠራለት። መብራቱ ገና አልበራም ነበር።

«በቃሌ ነው» አለ ቀጮ አንገቱን ደፍቶ። «በክለቡም ምርመራ እንዲሁ ነው የማልፈው። ቅርብ ይታየኛል፤ ሩቁ ጭጋግ ነው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ነው የተጫወትከው?»

«አንድ ሰውዬ አሉ፣ በግራ በኩል የሚጮሁ። ‹መጣልህ› ካሉ ኳሱ ከኋላዬ ነው። ‹አንተ ዕውር› ብለው ከጀመሩ በአየር ላይ ነው። እናቴን ካነሱ አልፎኛል ማለት ነው፣ መሮጥ ነው።»

ልጁ ቆቡን በእጁ እያዟዟረ ቀጠለ።

«ቅዳሜ ዝም አሉ። ሰውዬው ሞቱ ብዬ ነው ሁሉ ነገር የጠፋብኝ። ደጋግሜ ወደ ወንበራቸው አየሁ፤ ግን ከዚያ ርቀት ሰው ይኑር ባዶ ይሁን ምኑም አይታየኝም።»

«አልሞቱም» አለ መነጽር፤ «የሚስቴ አባት ናቸው።»

ቀጮ ከወንበሩ ተነሳ። ፊቱ በራ፣ ወዲያው ደግሞ ጨለመ። «ታዲያ ምን አስቀየምኳቸው?» አለ።

መነጽር ስለ ሐኪሙና ስለ መሐላው ነገረው። ዓይኑንም ለካለት፤ ለተጫዋች የሚሆነው፣ ዓይን ውስጥ የሚገባው መነጽር ታዝዞ የሚመጣው ግን በአሥር ቀኑ ነው፤ የመጨረሻው ዕድል ደግሞ የፊታችን ቅዳሜ ነው። ልጁ ይህን ምስጢር ለሰው እንዳይናገር፣ ለአማቱም ቢሆን፣ ቃል አስገባው። ዓይን የሚለካ ሰው የደንበኛውን ገመና አያወጣም፤ መነጽር ቃሉን ሰጠ። ከዚያ ብቻውን ሲቀር ተቀምጦ አሰበ። አማቱን ጩኹ ቢል የሚስቱን መሐላ ያስፈርሳል፣ ሰውዬውንም ሊገድል ይችላል። ዝም ቢል ልጁ ይባረራል። ሁሉንም ለማዳን የቀረው አንድ አፍ ብቻ ነበር፤ ያም ስለ ኳስ የማያውቀው የራሱ አፍ ነው።

ቅዳሜ ጨዋታው ተጀመረ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ረጅም ኳስ ወደ ቀጮ ጀርባ ተላከ። መነጽር ብድግ አለ።

«መጣልህ!»

ድምፁ ቀጥኖ ወጣ። ቀጮ ግን በድንጋጤ ዞሮ ኳሱን ወደ ውጭ መታው። ሹፌሩ «መነጽር፣ ዛሬ ምን ነካህ?» አለ። እሱ ግን ልቡ ሞቆ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ በድጋሚ ጮኸ። በዚህኛው ግን ኳሱ ጭራሽ በሌላው መስመር ነበር። ቀጮ ባዶ አየር ላይ ተሽከረከረ፣ ስታዲየሙ ሳቀ። የሊቀ ደጋፊው እጅ የኮቱን ጫፍ ይዞ ቁልቁል ሳበው። መነጽር ጥፊ ጠበቀ።

የመጣው ሹክሹክታ ነው። ከንፈራቸውን ጆሮው ላይ አድርገው፣ «ገና ነው» አሉ። «ገና… ገና… አሁን! አሁን በለው!»

«መጣልህ!»

«በላይ ነው፣ ዕውር በለው!»

«አንተ ዕውር!»

«እንዲያ ነው። አፍህን ከፈት አድርገው፣ የታመመች ድመት አታስመስለው።»

ዘጠና ደቂቃ እንዲህ አለፈ፤ አንዱ ያያሉ፣ አንዱ ይጮሃል። እናቱን የሚያነሳበት ሰዓት ሲደርስ መነጽር አፈረ፤ «የእናቱን ነገር እኔ ስድን እመለስበታለሁ» ብለው ሊቀ ደጋፊው አለፉት። ቀጮ የመጣበትን ሁሉ መለሰ፤ ቡድኑ አንድ ለዜሮ አሸነፈ፤ አሰልጣኙም በሬዲዮ ስለ ልጁ ሌላ ቋንቋ ተናገረ።

ወደ ቤት ሲሄዱ መነጽር ድምፁ ተዘግቶ እያንሾካሾከ ጠየቃቸው። «ጋሼ፣ ልጁ እንደሚሰማዎት ያውቃሉ?»

«ማን? ያ?» አሉ። «መቼ ሰምቶ ያውቃል! ቢሰማ ኖሮማ የት በደረሰ።»

መነጽር ፊታቸውን ፈተሸ፣ ምንም አላነበበበትም። ቤት ሲደርሱ ሚስቱ የአባቷን ድምፅ አዳመጠች፣ ደህና ነው። የባሏን አዳመጠች። «አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?» አለችው። «ጉንፋን ነው» አላት።

በአሥረኛው ቀን ቀጮ መጥቶ መነጽሩን ዓይኑ ውስጥ አደረገ። በሱቁ መስኮት ወደ ውጭ አይቶ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ማስታወቂያ ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ ስልክ ቁጥሩ ሳይቀር።

«እንግዲህ እኛ አናስፈልግህም» አለ መነጽር እየሳቀ።

«ኧረ አትቀልድ!» አለ ልጁ፤ የምሩን ደንግጦ ነበር። «ቅዳሜ ትመጣላችሁ አይደል?»

ቅዳሜ ቡድኑ ሲያሟሙቅ ቀጮ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ወደ መስመሩ መጣ። እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ረድፎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። በዚያ ድምፅ ልክ የሆነ ግዙፍ ሰው እንደሚፈልግ ያስታውቃል። መጀመሪያ ሹፌሩ ላይ ቆመ፣ አለፈ፤ ከዚያ መነጽርን አገኘው፤ ከዚያም ከጎኑ ያሉትን አጭር፣ ትከሻቸው የጠበበ አናጢ አያቸው። ከዚያ ወዲያ ዓይኑን ከእሳቸው ላይ አላነሳም።

«ምን ያፈጥብኛል ይሄ? ሥራ የለውም እንዴ!» አሉ ሊቀ ደጋፊው በሹክሹክታ።

ይህን ለሜዳው ማድረስ የመነጽር ሥራ ነበር። ተነስቶ አፉን ሲከፍት አንድ እጅ ክንዱን ያዘው። ዞር ሲል አማቱ በሌላው እጃቸው የኮታቸውን ቁልፎች እየቆለፉ ነበር፣ ከላይኛው ጀምረው።

«ተወው» አሉት፤ «ደህና አድርጎ ይየን።»

መነጽር አፉን ዘግቶ ተቀመጠ።