የጓድ ውበቱ ቀኝ እጅ

ጥያቄው ተጠይቆ ሳያልቅ እጁ የሚወጣ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ሰብሳቢው «ከመካከላችን ማን...» ብሎ አፉን ሲከፍት የዚህ ሰው እጅ ጣሪያውን ሊነካ ደርሷል። የሚፈለገው ጉድጓድ የሚቆፍር ይሁን መዝሙር የሚመራ አያውቅም፤ ለማወቅም አይጨነቅም። ሰው መጥፋቱ ብቻ ይበቃዋል። ሌላው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ማሰሪያ ሲመረምር እሱ ብቻ ቀና ብሎ ይታያል።

በደርግ ዘመን መካነ ሰላም ላይ ይህን ታላቅ ኃላፊነት የተሸከመው የፖስታ ቤቱ ጓድ ውበቱ ነበር። የመሪጌታ ልጅ ሸዋረግ ስታገባው ስለ እጁ የነገራት ሰው አልነበረም። የነቃችው ሰርጓ ዕለት ነው። ጠላ የሚቀዳ አሳላፊ አንሶ የድግሱ አዛዥ «ኧረ አንድ ሰው!» ብለው ሲጣሩ ሙሽራው ከጎኗ ብድግ አለ። ሚዜዎቹ ካባውን ጎትተው ባያስቀምጡት ኖሮ ብቻዋን ተሞሽራ ልትቀር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያላየችው የለም። ቀበሌው ቴያትር ሲያዘጋጅ ባላባት ሆኖ ለመታየት የሚደፍር ጠፋ፤ በዚያ ዘመን ማን ይደፍራል? ጓድ ውበቱ እጁን አወጣ። ጭሰኛውን ሲያመናጭቅ ከተመልካቹ ድንች ተወረወረበት፤ ካድሬውም «ይህን ኩራት ከየት ተማረው?» እያለ በጎን ሲያየው ከረመ። የእግር ኳስ ቡድኑ በረኛ ሲያጣም ኳስ ነክቶ የማያውቀው ሰውዬ ደጎሎ ድረስ ሄዶ ቅንድቡን ተፈንክቶ ተመለሰ። ሸዋረግ ቁስሉን እያጠበች ስትቆጣው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሰው ጠፋ እኮ! እና ዝም ይባላል?»

በዚህ ሁሉ ትስቅ ነበር። የማያስቃት ሌላ ነው። ያን ጊዜ በስብሰባ የወጣ እጅ ሁሉ ይታያል። አንድ ጊዜ ከደሴ የመጣ ካድሬ ለወጉ ያህል «ጥያቄ ያለው?» ቢል ውበቱ ተነሥቶ የስኳሩ ራሽን የት እንደቀረ ጠየቀ። ቤቱ የገባው ቀበሌ ታስሮ ሰንብቶ ነው። ከዚያ በኋላ ሸዋረግ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ በየስብሰባው የምትፈራው አንድ ጥያቄ ነበር። የሰሜኑ ጦርነት ወሬ ከሬዲዮ አይጠፋም። አንድ ቀን አንዱ ሰብሳቢ «በፈቃዱ የሚዘምት?» ማለቱ አይቀርም፤ ያ እጅ ደግሞ ጥያቄው እስኪያልቅ አይጠብቅም።

የአብዮት በዓል ሲቃረብ የአውራጃው የስፖርት ኃላፊ ከኮርስ ተመልሶ ሕዝቡን ሰበሰበ። ትሪያትሎን የሚባል ውድድር ተምሮ መጥቷል፤ ተወዳዳሪው መጀመሪያ ይዋኛል፣ ከውኃው ወጥቶ ብስክሌት ይጋልባል፣ ከብስክሌቱ ወርዶ ይሮጣል፤ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ። «ሩቅ አይደለም፣ አጭሩን ነው የምናዘጋጀው» ብሎ አጽናና። ሕዝቡ ጫማውን መረመረ። እዚያ ደጋ፣ በዚያ ብርድ፣ ከብት በሚጠጣበት ኩሬ ማን ይገባል? ኃላፊው ጥያቄውን እንኳ ገና አልጀመረም፤ እጁ ወጥቷል።

ውበቱ ዋና አያውቅም። ይህ ግን ልምምዱን አላስተጓጎለበትም። ማለዳ ማለዳ መደቡ ላይ በሆዱ ይተኛና አየሩን በሁለት እጁ ይቀዝፋል፤ ዶሮዎቹ እየተንጫጩ ይበተናሉ። «ውኃ ማለት እርጥብ አየር ነው» ይላል፣ እንደ ሊቅ ጣቱን ቀስሮ። ጎረቤታቸው ብርሀንነሽ እሳት ልትጭር መጥታ ይህን አየችና በሩ ላይ ቆማ ቀረች። «ያ ረቢ! ሸዋዬ፣ ባልሽን ምን ነካብሽ?» አለች።

«በሞቴ ተወው» አለችው ሸዋረግ ያን ዕለት። «ሕፃን እንኳ ይስቅብሃል።»

«ይህን እንደማሸንፍ እርግጠኛ ነኝ። ካላሸነፍኩ ዳግመኛ በስብሰባ እጄን አላነሣም። በአባትሽ መስቀል!»

ውበቱ በመስቀል ምሎ አፍርሶ አያውቅም። ሸዋረግ ነጠላዋን አጣፍታ በቀጥታ ወደ ሚካኤል ሄደችና ከደጀ ሰላሙ ተንበርክካ ተሳለች፦ ባሏ እንዲሸነፍላት፣ ከተሸነፈላት ጃንጥላ ልታገባ። ስለ ባሏ ሽንፈት የተሳለች ሚስት ከእሷ በፊት መኖሯን እንጃ።

በዓሉ ደረሰ። ተወዳዳሪዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ የሚፈራው ኮምቦልቻ ተወልዶ ያደገው መምህር ምናለ ነው። እሱ እንደ ዓሣ ዋኘ። ጓድ ውበቱ ግን ቁመታም ነውና የኩሬውን ጭቃ እየረገጠ፣ አንዳንዴ ለመተንፈስ ብቅ እያለ ተሻገረ። ኃላፊው ደንቡን ቢያገላብጥ ጭቃ መርገጥ ክልክል ነው የሚል አላገኘም። ከውኃ ሲወጡ የምናለ ብስክሌት ሰንሰለቷን ጣለች፣ ውበቱ በራሱ ብስክሌት ላይ ተፈናጥጦ ጠጠሩን መንገድ ያዘ። ዳገቱን ቀድሞ ሲወጣ ከኳስ ሜዳው ድረስ ታየ።

«ሸዋዬ፣ ያንቺው አይደለም እንዴ ፊተኛው?» አለች ብርሀንነሽ።

የሸዋረግ ልብ ሁለት ሆነ። ጃንጥላዋን፣ ስለቷን፣ ያን የሚያስፈራ ጥያቄ አሰበች። አሰበችና እልልታዋን ለቀቀችው! አፏን በነጠላዋ ብትይዘው አልመለስ አላት።

ከዳገቱ ማዶ ተመልሶ ሜዳው ላይ መጀመሪያ የደረሰው ግን ምናለ ነው። ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያም ሁሉም ገባ። ውበቱ የለም። «የት ቀደምከው?» ሲሉት ምናለ ተጨነቀ፤ «እኔ እሱን አላየሁም። ብስክሌቱ ግን ከመታጠፊያው፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ብቻዋን ተጋድማ ነበር። ወርዶ ሽንቱን የሚሸና መስሎኝ አለፍኩ።»

ጎረምሶቹ ገመድ ይዘው ወደ ገደሉ ሮጡ። ሸዋረግ ሜዳው ላይ ተቀመጠች። «ሚካኤል» አለች ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ «እንዲሸነፍ አልኩህ እንጂ እንዲሞት አልኩህ? ያውጣ እጁን! ሁለቱንም ያውጣ! አንተ ብቻ መልስልኝ።» ብርሀንነሽ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እያለች ትከሻዋን ትይዛለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በገበያው በኩል አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው በባዶ ቅልጥሙ እየሮጠ መጣ። ጓድ ውበቱ ነው። ጎረምሶቹ ከገደሉ ሥር ሲፈልጉት ብስክሌቱን ከአፋፉ አንሥቶ ከተመደበላት ቦታ አድርሶ፣ ሩጫውን በተባለው መንገድ ዞሮ፣ ፊሽካው ኪስ ከገባ በኋላ መጨረሻውን ተሻገረ።

«ሰውዬ፣ የት ጠፍተህ ነው?» ጮኸ ኃላፊው።

«ሬሳ አጋጠመኝ» አለ ውበቱ እያለከለከ። «ወርቂቱ የሚባሉ ባልቴት ናቸው፣ ዘመድ የላቸውም። ቃሬዛውን የያዙት አራት ሽማግሌዎች፣ እነሱም ደክመው በየድንጋዩ ያሳርፏቸዋል። ሬሳ እያለፈ ብስክሌት ይነዳል? ወረድኩ። ጥቂት ሸኝቼ ልመለስ ነበር፤ ግን ትከሻዬን ከቃሬዛው ሥር ማን ይተካው? ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ቁልቁል ነው። አስቀበርን፣ ንፍሮ ቅመስ አሉኝ፣ ራቁቱን አይሂድ ብለው ጋቢ ሰጡኝ።»

ሸዋረግ ተነሥታ ደረቱን በጡጫ መታችው። ከዚያ ጋቢው ውስጥ ፊቷን ደብቃ አለቀሰች። ሰው እያየ ነበር፤ ግድ አልሰጣትም።

መሐላው ግን መሐላ ነው፣ ስለቱም ስለት። እሷ ጃንጥላዋን አገባች፣ እሱ እጅ ማውጣቱን አቆመ። ወራት አልቆየም፣ የፈራችው ጥያቄ መጣ። ሰብሳቢው «በፈቃዱ የሚዘምት?» ሲል ውበቱ ቀኝ እጁን ከጭኑ ሥር አድርጎ ተቀመጠበት፤ ፊቱ ላይ ላብ ይወርድ ነበር። ሸዋረግ ያን ዕለት እስከ ቤቷ ድረስ «ተመስገን» እያለች ሄደች።

ቤት ያገኘችው ባል ግን ሌላ ሆነ። ይበላል፣ ፖስታ ቤት ይሄዳል፣ ይመለሳል። አይለማመድም፣ አይፎክርም። ዶሮዎቹ እንኳ ረጉ። ሸዋረግ ይህን ሁሉ ለምና ያገኘችው ነው፤ እንዲህ ዝም ያለ ቤት ግን አልለመነችም ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቅሬው ከዛፍ ሥር ተሰበሰበ፣ ሰው ሲሞት ለቅሶውንና ቀብሩን የሚይዘው ማኅበር። ሊቀ መንበሩ አባ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። የቅሬው ጠሪ ሽማግሌ ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላለ በየመንደሩ እየዞረ ሞት የሚያረዳ ሌላ ሰው ተፈለገ። ክረምት ከበጋ ነው፤ ዳገት ነው፤ ምስጋናም የለውም። «ማን ይሁን?» አሉ አባ። ሁሉም ጫማውን መረመረ፤ ከዚያ ሁሉም ቀስ ብሎ ወደ ውበቱ ዞረ። ውበቱ ዛፉን ያያል። እጁ ከጭኑ ሥር ነው፤ ትከሻው ግን ወደ ላይ ይነሣል።

ሸዋረግ ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። በወንዶቹ መካከል አቋርጣ ሄዳ ያን እጅ ከተቀበረበት መዝዛ፣ አንጓውን ይዛ ወደ ላይ አነሣችው።

«መሐላው የሱ ነው፣ እኔ አልማልኩም» አለች። «ይጻፉት፣ አባ።»

«ለቅሬው ብቻ ነው፣ ልጄ?»

«ለቅሬው ብቻ። ሌላ ቦታ የጠየቀ ካለ እጁን አሞታል ይበሉልኝ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ውበቱ አልሳቀም፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ሚስቱን ያያል። ሸዋረግም እጁን አወረደችው እንጂ ስብሰባው እስኪበተን ድረስ አለቀቀችውም።