ልብስ ሰፊው መቀነት ታጥቀው ስለ ዘመቱባት ዕለት

በልብስ ሰፊው በስድስተኛው ዓመተ ትዳር፣ ጽንሱ በማኅፀን በነገሠ በሠላሳ አንደኛው ሳምንት፣ ፀሐይ ከደመና በስተኋላ በሸፈተች በዘጠነኛው ቀን፣ በዕለተ ሐሙስ፣ ጊዜው ሦስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን፣ ሱሪ አሳጣሪ፣ ኮት አጥባቢ፣ ክርን በመርፌ ዓይን ያለ መነጽር አሳላፊ፣ ዘአልቦ ከማሁ፣ አቻ የለሽ የሆኑት እኚህ ሰው ሃያ ዓመት ከተቀመጡባት ወንበር ተነሡ። ሰፈሩ «ጋሽ ወንበር» ይላቸው ነበርና መነሣታቸው በራሱ ዜና ነበር።

የመነሣታቸውም ምክንያት ይህ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ጽንስ የጨነገፈባቸው፣ አሁንም በአዋላጇ ትእዛዝ በግራ ጎናቸው ተኝተው የሚውሉት ባለቤታቸው፣ የጽንሱን የልብ ምት የሚያዳምጥ፣ የሰማውንም ካለበት ቦታ ጋር በስልካቸው በኩል ለአዋላጇ የሚልክ መቀነት ከጤና ጣቢያው በውሰት ተሰጥቷቸው ነበር። ያም መቀነት ከእርሳቸው በፊት ሦስት እናቶችን ያገለገለ፣ ስፌቱ ሲተረተር ልብስ ሰፊው ራሳቸው መልሰው የሰፉት፣ የሚጣል ባትሪ የሌለው፣ ገመድና ሶኬት የማያውቅ፣ ኃይሉንም ከፀሐይ አልያም ከታጣቂው እርምጃ ብቻ የሚሰበስብ ነበረ። ፀሐይ ሸፍታለች፤ እመቤቲቱም እንዳይራመዱ ታዘዋል፤ ስለዚህ መቀነቱ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ድምፁን አጠፋ። አዋላጇ የምትመጣው ቅዳሜ ነው። ልጁ በውስጥ ቢራገጥም፣ የባለፈው ዓመት ፍርሃት ተመልሶ ያዛቸውና እመቤቲቱ እህል አልቀምስም አሉ።

ወእምዝ ልብስ ሰፊው አስቀድመው በብልሃት ሞከሩ፤ መቀነቱን እንደ ወንፊት ነቀነቁት፤ በስፌት መኪናቸው ፔዳል ላይም አስረው ሲረግጡ አረፈዱ። መቀነቱ ግን ከሰው ወገብ ያልመጣውን አይቆጥርምና ዝም አለ። ያን ጊዜ አማታቸው በደጃፍ ቆመው አዋጅ አስነገሩ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ይሄ ነገር የሚፈልገው ስድስት ሺህ እርምጃ ነው! ጉልበቴ ቢታዘዘኝ እኔው እወጣ ነበር! ልጄ፣ የሚዘምት ሰው ይታጠቃል፤ ታጠቅ!»

ልብስ ሰፊውም ታጠቁ። መቀነቱ ለነፍሰ ጡር ሆድ የተሰፋ ሳለ በእርሳቸው ሆድ ላይ መጥበቡን ጸሐፊው ቢያልፈው በወደደ፤ ነገር ግን እውነት አይታለፍም። የተከተሏቸውም ሠራዊት እነዚህ ናቸው፦ ሥራውን ጥሎ የወጣ ፀጉር አስተካካይ፤ ጢሙ በግማሽ የተላጨ ደንበኛው ከነአረፋው፤ እርምጃ እንዲቆጥሩ የተሾሙ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፤ ለምን እንደሆነ ሳይጠይቅ የተሰለፈ የጎረቤት ውሻ። ዳቦ ቤቱን አንገታቸውን ሳያዞሩ አለፉ፤ ቁልቁለቱን በክብር ወረዱ፤ ዳገቱን በልመና ወጡ። በሁለት ሺህ ላይ ውሻው ጮኸና ቁጥሩ ከመምህሩ ጠፋ፤ መምህሩም ያለ ኀፍረት ከአንድ ጀመሩ።

ዳገቱ ጫፍ ሲደርሱ መቀነቱ ነቃ። ነቅቶም ያገኘውን ለአዋላጇ በታማኝነት ላከ፦ የእናት ልብ በደቂቃ መቶ ስድሳ፤ የጽንስ ልብ አልተገኘም። መቀነቱ አይወቀስም፤ የታጠቀው ሁሉ እናት እንደሆነ ነው የተማረው። ወዲያውም በልብስ ሰፊው ኪስ የነበረው የባለቤታቸው ስልክ ጮኸ፤ አዋላጇም አቤት እስኪሏት ሳትጠብቅ አወጀች፦ «እናቴ! ባለሽበት ተኚ! በግራ ጎንሽ! አይዞሽ፣ መጣሁልሽ!» ልብስ ሰፊው እግራቸው ከድቷቸው ነበርና፣ ከተወለዱ እንዲህ ያለ ጣፋጭ ትእዛዝ ሰምተው አያውቁም፤ በአንዲት አትክልት ሻጭ ደጃፍ በግራ ጎናቸው ተጋደሙ።

አዋላጇ በሞተር ሳይክል እየበረረች ደርሳ፣ ጢም ያላትን እናት ባየች ጊዜ መጀመሪያ ደሟ ፈላ፤ ቀጥሎ ሆዷን ይዛ ሣቀች። ነገር ግን «ልብ አልተገኘም» የሚል ቃል ያነበበ ሰው ሣቁ ሩቅ አይሄድምና፣ ዘማቹን ከኋላዋ አፈናጥጣ ወደ ቤት ገሰገሰች። መቀነቱንም ገና ከነሙቀቱ ከእርሳቸው ፈትታ ለእመቤቲቱ አሰረች።

ልብስ ሰፊው ትንፋሻቸውን ዋጡ፤ ከዚያ ሁሉ ዳገት በኋላ ይህ ቀላል ጀብዱ አይደለም። አማታቸው ግድግዳውን ያዙ። ከዚያም ትር ትር ትር አለ፤ መቶ አርባ ሁለት። እመቤቲቱ አለቀሱ፤ እንባቸውን ሳይጠርጉም ምግብ አምጡልኝ አሉ።

አዋላጇም የጠዋቱን ስሕተት ከመዝገቡ ልትሰርዝ ጣቷን ባነሣች ጊዜ፣ እመቤቲቱ ከአልጋቸው ላይ ሆነው የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦ «እንዳትሰርዢው! ዛሬ እሱም ተሸክሞልኛል።»

ኦ ልብስ ሰፊ፣ መርፌ የማያደክምዎ፣ ዳገት ያደከመዎ፣ ነገር ግን ያልመለሰዎ! ሌላው ጀግና ዘምቶ ጋሻና ፈረስ ይሸለማል፤ እርስዎ ግን ወንድ ያልደረሰበትን ማዕረግ አገኙ። እነሆ በጤና ጣቢያው መዝገብ፣ በዚያች ሐሙስ ገጽ፣ በአዋላጇ እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ እናት ሁለት፣ ልጅ አንድ፤ ሦስቱም ደኅና።