የካፒቴን ዞርታ ግራ እጅ

ፊልም እያያችሁ «ቆይ፣ ቆይ፣ እስቲ መልሰው!» እያለ ልባችሁን የሚያወልቅ ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ከሌላችሁ፣ ወይ ቴሌቪዥን የላችሁም፣ ወይ ያ ሰው እናንተው ናችሁ።

ለእኛ ሰርቪስ የደረሱት ክብርት ወይዘሮ የሺሐረግ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከአቃቂ በሰቃ አንስቶ ቂሊንጦ ወዳለው የልብስ ፋብሪካችን በሚያደርሰን አውቶቡስ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ ያለው ወንበር የእሳቸው ነው። ሥራቸው ጥራት ቁጥጥር ነው። ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ ኮሌታ እያገላበጡ የዘለለ ስፌት ይፈልጋሉ። ቤታቸው ሲገቡ ያው ዓይን አብሯቸው ይገባና «ጠፈረኞቹ» የሚባለውን ተከታታይ ፊልም ማገላበጥ ይጀምራል።

«ጠፈረኞቹ» ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ ሁላችንም ቤት ገብቷል። እኛ የጠፈር መርከቧ ስትፈነዳ እናጨበጭባለን። እትዬ የሺ ግን በማግስቱ ሰርቪስ ውስጥ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

«የመርከቧ በር በመጀመሪያው ፊልም ወደ ውስጥ ነበር የሚከፈተው። በሁለተኛው ወደ ውጭ። ማን ነው ያዞረው?»

የመርከቧ አዛዥ የካፒቴን ዞርታ ልጅ በሁለተኛው ፊልም የወተት ጥርሷ ገና እየወለቀ ነበር። በሦስተኛው፣ ሁለት ዓመት እንኳን ሳይሞላ፣ ተዳረች። «ሸሚዝ ቢሆን እመልሰው ነበር!» ይላሉ እትዬ የሺ፣ ሠርጉ ላይ ሳይጠሯቸው የቀሩ ይመስል።

የፊልሙ ጠበቃ ሙህሲን ነው። የስፌት ማሽን መካኒክ ስለሆነ የተበላሸ ነገር ሁሉ ይጠገናል ብሎ ያምናል፤ ፊልምም ጭምር። ትልቁ ክርክራቸው የካፒቴኑ ግራ እጅ ነበር። በሁለተኛው ፊልም አንድ የጠፈር አውሬ ከክንዱ ቆርጦ በልቶታል። በአራተኛው ፊልም ካፒቴኑ ያጨበጭባል።

«በምኑ?» አሉ እትዬ የሺ።

«ተተክሎለታል» አለ ሙህሲን።

«የት ታየ?»

«ሁሉ ነገር መታየት አለበት እንዴ? እርስዎ ቁርስ ሲበሉ አላየሁዎትም፤ ግን በልተዋል።»

«አልበላሁም። ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው።»

ሰርቪሱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ጠዋት የምመኘው እስከ ቂሊንጦ ማሸለብ ብቻ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ግን ዓመት ሙሉ እንቅልፌን ነሥተውኛል።

አምስተኛው ፊልም ሲደርስ ሙህሲን እሑድ ከሰዓት ቤቱ ጠራን። እትዬ የሺ ፊልሙን አሥራ አራት ጊዜ አስቆሙት፤ ቆጥሬያለሁ። አሥራ አምስተኛው የመጣው ካፒቴኑ ልጁን ሲሰናበት፣ የሙህሲን ባለቤት ፊርዶስ በሻሿ ጫፍ እንባዋን ስትጠርግ ነው።

«ቆይ፣ መልሰው! የሸሚዙ ቁልፍ አራት ነበር፣ አምስት ሆነ!»

ሙህሲን ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

«እትዬ የሺ፣ ካልወደዱት ለምን ያዩታል? እኛን ለማበሳጨት ነው?»

እሳቸው ነጠላቸውን አነሱ። «አስቸገርኳችሁ» ብለው ወጡ።

ሰኞ ዕለት ሰርቪሱ መጨረሻ ወንበር ላይ፣ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔ እንደ ሕፃን ተኛሁ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ዝምታው ራሱ ይቀሰቅሰኝ ጀመር። ሙህሲንም መንገዱን ሙሉ ዞር እያለ ወደ ኋላ ያያል።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«የሚጠላውን ነገር ስድስት ጊዜ የሚያይ ሰው አለ?» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «ፊልሞቹን ሁሉ ስድስት ስድስት ጊዜ አይቻቸዋለሁ። በጣም ቆንጆ ስለሆኑ እኮ ነው እንከኑ የሚያናድደኝ።»

ይህን ለሙህሲን ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። አሥር ቀን ያህል ዓይኑ ቀልቶ እየመጣ ሰነበተ። ከዚያ አንድ ጠዋት ስልኩን ይዞ በቀጥታ ወደ ኋላው ወንበር ሄደ። ከሦስተኛው ፊልም ቆርጦ ያወጣው ትዕይንት ነው፦ ከፊት ሰዎች ሲጣሉ፣ ከኋላቸው አንድ ሐኪም በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለ እጅ ይዞ ያልፋል። ሁለት ሰከንድ ብቻ።

«ይኸው፣ ተተክሎለታል ብዬዎት አልነበር? ደግሞ እትዬ የሺ... ይቅር ይበሉኝ። ያን ዕለት አፌ አምልጦኝ ነው።»

መነጽራቸውን አደረጉ። አዩት፣ አጎሉት፣ እንደገና አዩት።

«ልክ ነህ፣ ሙህሲንዬ» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ የሺ ከሾፌሩ ኋላ ወዳለው ወንበራቸው ተመለሱ፤ ሁለቱ ታረቁ። ግን ዕርቁ ከጠቡ የባሰ ሆነ። የሚከራከሩበት ነገር አለቀ። ስለ ዝናብና ስለ መንገዱ ጭቃ በትሕትና ያወሩ ጀመር፤ «ልክ ነው»፣ «እውነትህን ነው»፣ «እርስዎ እንዳሉት»። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ፤ እንቅልፍ የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ቁጭ ብዬ ያቺን ሁለት ሰከንድ አሥራ አንድ ጊዜ አየኋት። ባለቤቴ ደህና መሆኔን ጠየቀችኝ። ሰኞ ሰርቪስ ውስጥ እንደገባሁ እትዬ የሺ ፊት ቆምኩ።

«ሐኪሙ የያዘው እኮ ቀኝ እጅ ነው» አልኩ። «የተቆረጠው ግራው ነበር።»

ሙህሲን ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። «መስታወቱ ገልብጦት ነው!»

«የሣጥን መስታወት መቼ ነው እጅ የሚገለብጠው?» አሉ እትዬ የሺ። ፊታቸው በርቷል። በአንድ እጃቸው ቦርሳቸው ውስጥ መነጽራቸውን እየፈለጉ፣ በሌላው አጠገባቸው ያለውን ባዶ ወንበር መታ መታ አደረጉ።

«ና፣ ልጄ፣ እዚህ ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ።