ክቡር የዜሮ ሹም

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ከሥራ አስኪያጁ ይልቅ ሰው ሁሉ ደጅ የሚጠናው አንድ ሰው አለ። አንዱ ጋ የመጋዘን ቁልፍ ያዥ ነው፤ ሌላው ጋ ማኅተም የሚመታው ነው። እኛ ጋ የስልክ ባለሙያው ነው። እኔ "ክቡር የዜሮ ሹም" እላቸዋለሁ፤ በልቤ ነው እንጂ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ።

ከእሳቸው በፊት ያ ሰው እኔ፣ ስልክ አገናኟ፣ ነበርኩ። ይኸው ተናገርኩት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወደ ውጭ መደወል የፈለገ ሁሉ "እትዬ፣ እባክሽ መስመር" እያለ ጠረጴዛዬ ላይ ይደገፍ ነበር። የማን ልጅ እንደታመመ፣ የማን እጮኛ እንዳኮረፈች ከእኔ ቀድሞ የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያ በኢንተርኔት የሚሠራው አዲሱ ስልክ መጣ፤ ክቡርነታቸውም ላፕቶፓቸውን ታቅፈው ተከተሉት።

አሁን ወደ ውጭ ለመደወል መጀመሪያ ዜሮ መምታት ነው። ዜሮዋ ለማን እንደምትሠራ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ለአንዱ ከተማ ውስጥ ብቻ፣ ለአንዱ ሞባይል ጭምር፣ ውጭ አገር ለሥራ አስኪያጁ ብቻ። "ደንቡ ነው የከለከላችሁ፣ እኔ አይደለሁም" ይላሉ፤ ደንቡን ስልኮቹን በሚያዘው ማሽን ውስጥ የጻፉት ራሳቸው። የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ ባሏ ሞባይል ላይ ለመደወል ሦስት ቀን ተመላለሰች።

"ጉዳዩ ምንድን ነው?" አሏት።

"ማታ ምን ገዝቶ እንደሚመጣ ልነግረው ነው።"

"ይህ የግል ነው" ብለው ወደ ስክሪናቸው ዞሩ። በአራተኛው ቀን ሻይ ይዛላቸው ገባች። ሻዩን ጠጡት፤ ደንቡ ግን ንቅንቅ አላለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ተረቱ ሲተረት ኮምፒዩተር አልነበረም እንጂ እሱም ይገባበት ነበር።

እኔን ያሳረረኝ ግን እምቢታቸው አይደለም። ሰዉ እምቢ እየተባለም ይወዳቸዋል። በራፋቸው ላይ ቆሞ የሚስቀው ሳቅ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። ያ ሳቅ የእኔ ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ አምላክ ሰማኝ። ማሽኑ የመጀመሪያዋን ዜሮ ቆርጦ የከተማችንን መለያ ቁጥር መጨመር ሲገባው፣ ክቡርነታቸው ደንቡን ሲያሻሽሉ ተሳስተው የሌላ ከተማ መለያ ጻፉበት። ሥራ አስኪያጁ ትልቁ ደንበኛችን ጋ በደወሉ ቁጥር አንድ የማያውቁት ልብስ ሰፊ ያነሳል። በሦስተኛው ላይ "ጌታዬ፣ ሱሪዎ አልደረሰም አልኩ እኮ፣ ትንሽ ይታገሡ" አላቸው። ያን ቀን ሰው ሁሉ ወደ እኔ ጎረፈ፤ የሚሠራው አሮጌው ስልኬ ብቻ ነበር። ቁጥሮቹን በቃሌ እየመታሁ ሳገናኝ ዋልኩ። ደስታዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየ፤ ከዚያ አስተካከሉት።

ባለፈው ወር ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ። "እትዬ፣ ከእንግዲህ ከውጭ የሚመጣውንም ጥሪ ማሽኑ ራሱ ያገናኛል። ከመጪው ወር ጀምሮ ምድር ቤት፣ መዝገብ ክፍል ይሂዱ" አሉኝ። መዝገብ ክፍል መስኮት የለውም፤ ቀኑን ሙሉ የሚያናግሩትም ሰው የለም። ጉድጓዴን የማሰው ማን እንደሆነ አላጣሁትም፤ ላፕቶፓቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እዚያው ተቀምጠዋል።

"አይሆንም" አሉ ክቡርነታቸው፣ ቀና ሳይሉ። "ደንቦቹ አሥራ ሰባት ናቸው። ማሽኑ የተመታውን ቁጥር ከላይ ወደ ታች ይፈትሻል። አንዱም ደንብ ካልገጠመው ወደ እትዬ ይልከዋል። የመጨረሻው ደንብ እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ከተነሱ ሥርዓቱ ይቆማል።"

"ጭራሽ ይቆማል?"

"ጭራሽ።"

ሥራ አስኪያጁ የዝውውሩን ደብዳቤ መልሰው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ኮሪደር ላይ ደረስኩበት። ክቡርነታቸው ማለት ያን ቀን ቀረ።

"እውነት ይቆማል?"

"ኧረ አይቆምም፣ እትዬ" አለኝ በቀስታ። "'የደወሉት ቁጥር የለም' የሚል ድምፅ ይሰማል፣ በቃ።"

"ታዲያ ምን አስዋሸህ?"

"መዝገብ ክፍልን ገመድ ስዘረጋ አይቼዋለሁ። የሰው መቀመጫ አይደለም" አለና አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። በደግነትም በለጠኝ።

ቅናቴም አልለቀቀኝም። ሰሞኑን አንድ ሌላ ድርጅት እሱን ለመውሰድ ይደውላል፤ ከውጭ የሚመጣውን ጥሪ የማነሳው እኔ ነኝ። መጀመሪያ "ስብሰባ ላይ ነው" አልኳቸው። ሰኞ ዕለት ደግመው ደወሉ። "እሱማ ጡረታ ወጣ" ብዬ ዘጋሁት። እሱ ገና ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው።