አስመጪና ላኪው ገብረየስ በዓባይ ላይ

የቤተሰባችን የሁለት ቀን የመርከብ ሽርሽር በታላቅ ድምቀት ተጀምሮ በታላቅ ድምቀት ተጠናቋል። ድምቀት ስል ፀሐዩን ማለቴ ነው። እንደ ቤተሰብ ኃላፊነቴ ከጉዞው የቀሰምኩትን ልምድ ለትውልድ ማስተላለፍ ስላለብኝ፣ የአፍንጫዬ ቆዳ ተልጦ ሳያልቅ ይህችን ጽፌያለሁ።

እኔ ገብረየስ ካርቱም ስኖር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከወንዙ ማዶ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር፣ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ፣ የናፍጣ ሞተር የምጠግንባት ወርሻ አለችኝ። ለዒድ ኢጃዛ ሥራ ቆሞ ከተማው ሲዘጋጋ፣ ባለቤቴን ሸዋአለምንና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃችንን ናርዶስን ይዤ ሰበሎቃ ወደሚባለው የዓባይ ገደል በምትሄድ መርከብ ላይ ቦታ ያዝኩ። መርከብ የሚሏት ጣሪያዋ ላይ ወንበር የተደረደረባት አሮጌ ጀልባ ናት። ለክብሯ ስል ነጭ ሱፍ ልብስ ገዛሁ። ለዕረፍት የሚወጣ ሰው ማዕረጉን ቤቱ ጥሎ መሄድ የለበትም፤ ማዕረግ የሌለው ደግሞ መንገድ ላይ ያበጃል።

አጠገቤ የተቀመጡት የኡምዱርማኗ አሮጊት ሃጃ ሉጥፊያ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ፣ "ሥራህ ምንድን ነው፣ ልጄ?" አሉኝ።

"አስመጪና ላኪ ነኝ።"

"ማሻላህ! ምን ታስመጣለህ?"

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። "ልዩ ልዩ" አልኩ።

"ምንስ ትልካለህ?"

"እሱንም ልዩ ልዩ።"

ሸዋአለም ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች። ናርዶስ እዚሁ ስላደገች አማርኛዋ እንደ ባሕሪ መንገድ እዚህም እዚያም ተቦርቡሯል። የነገርኳቸውን በዐረብኛ ሰምታ፣ "ባባ፣ ይሄ ነገር በአማርኛ ምን ይባላል?" አለችኝ።

"ውሸት" አለቻት እናቷ።

ሁለት ሰዓት ያህል እንደሄድን ሞተሩ ሦስት ጊዜ አስነጥሶ ዝም አለ። ጀልባዋ በውሃው እየተገፋች ሄዳ ወንዙ መሐል ካለ አሸዋ ላይ ተቀመጠች። ሁለተኛውን ሳያስነጥስ በፊት በሽታውን አውቄዋለሁ። የናፍጣው መስመር አየር ገብቶበታል። አንዲት ብሎን ላላ አድርጎ፣ ፓምፑን በእጅ እየገፉ፣ ጡት እንደጠገበ ሕፃን ማስገሳት ብቻ ነው። ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

የጀልባዋ አዛዥ ራይስ ሳዲቅ ላቡን እየጠረገ ወደ እኛ ወጣ። "የወትሮው መካኒኬ ለዒድ አገሩ ገብቷል። ከእናንተ መካከል ሞተር የሚያውቅ አለ?"

እኔ በዚያች ደቂቃ አንዲት ወፍ በጥልቀት እያጠናሁ ነበር።

"ካርቱም ደውያለሁ። ሌላ መካኒክ ቡክራ ይመጣል፣ ኢንሻላህ" አለ፤ ነገ ማለቱ ነው።

ተነሥቼ አጭር ንግግር አደረግኩ። ችግሩ የሁላችንም መሆኑን፣ የሚመለከተው አካል ርብርብ እያደረገ መሆኑን፣ ከተሳፋሪው የሚጠበቀው ትዕግሥት ብቻ መሆኑን አብራራሁ። ስቀመጥ ሸዋአለም ጎኔን ጎሸመችኝ።

"ተነሥና ሥራው።"

"በነጭ ልብስ?"

"አውልቀዋ!"

"አስመጪ ነኝ ብያለሁ እኮ፣ ሸዋዬ።"

"እንግዲያው መካኒክ አስመጣልን!"

አልተነሣሁም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ደግሞ ወረቀት እንኳ አልያዝኩም። እዚያው አደርን። በማግሥቱ ወንበሩ እንደ ምጣድ ጋለ፤ ቡክራ የተባለው መካኒክ ቡክራነቱን እንደጠበቀ ቀረ። ወንዙ ደፍርሶ አይጠጣም ነበርና የያዝነው ውሃ ተመጠነ። ሃጃ ሉጥፊያ የድርሻቸውን ግማሽ ለናርዶስ ሲገለብጡላት ሳይ እንደምንም ልነሣ ቃጣኝ። ግን ትናንት ብነሣ መካኒክ ብቻ እሆን ነበር፤ ዛሬ ብነሣ ሰው በውሃ ጥም ያሳደረ መካኒክ ልሆን ነው። እያንዳንዱ ሰዓት ልብሱን አከበደው። ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ይላሉ። እዚህ ግን ማደሪያ አግኝቷል፤ ግንዱም ነጭ ለብሶ ተቀምጧል።

ቀትር ላይ ናርዶስ እጅጌዋን ጠቀለለች። ከትምህርት ቤት መልስ ወርሻዬ እየመጣች መፍቻ ስታቀብለኝ ነው ያደገችው። እስካሁን ዝም ያለችው እኔን ስትጠብቅ ነበር። "ራይስ፣ አሥራ ሁለት ቁጥር መፍቻ አለህ?" ብላ ወረደች። ፓምፑ ሲገፋ ሰማሁ፤ አየሩ ሲተነፍስ ሰማሁ። ሞተሩ ተነሣ። ሴቶቹ በእልልታ ቀለጡ።

"ማን አስተማረሽ፣ የኔ ልጅ?" አሉ ሃጃ ሉጥፊያ።

ናርዶስ እጇ ናፍጣ እንደነካ ቆማ እኔን አየችኝ፤ ልብሴንም አየችው። ደረቴን ነፋሁ። ለነገሩ፣ አሁን ቢታወቅ ምን ነበረበት?

"ሰፈራችን ውስጥ አንድ መካኒክ አለ" አለች። "በጣም ጎበዝ ነው። ብታውቁት ትወዱት ነበር።"

"አላህ እጁን ይባርከው!" አሉ ሁሉም። እኔም ከሁሉ ጋር አሚን አልኩ።

ሰበሎቃን ሳናይ ተመለስን። ባሕሪ ዳርቻ ላይ ሸዋአለምና ናርዶስ ቀድመው ወረዱ፤ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። የራይስ ሳዲቅን እጅ ያዝኩ።

"ራይስ፣ አንድ የምነግርህ ነገር አለ። እኔ እንኳ..."

"እናውቃለን፣ ወንድሜ።"

"ምኑን?"

"ገና ስትሳፈር ጨብጬህ የለ? ከጥፍር ሥር የገባ ናፍጣ በሳሙና አይወጣም። ለሃጃ ነገርኳት፤ ሃጃ ለሁሉም ነገረች።"

"ታዲያ አንድ ቀን ሙሉ ለምን ዝም አላችሁ?"

"ሃጃ ከለከለችን። 'እንግዳ የሸፈነውን አትግለጡበት፤ ውሃ ሲጠማው ራሱ ይነሣል' አለች።" ራይስ ሳዲቅ በከንፈሩ ላይ የተሰነጣጠቀውን ቆዳ በምላሱ ዳበስ አደረገ። "ሃጃ ብዙ ሰው አሳድጋለች፤ በሰው ተሳስታ አታውቅም ነበር።"